መድኃኒቱ ሙዚቃዬን ይወስድብኝ ይሆን? ስለ ድባቴና ስለ ኤሪክ ሳቲ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 32 ዓመቴ ነው፤ ልጆችን ፒያኖ በማስተማር እተዳደራለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ድባቴ ይዞኝ፣ ታክሜ ድኜ ነበር፤ ዘንድሮ አገረሸብኝ። ሐኪሜ ሰርትራሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ጀመረልኝ፤ አሁን አምስተኛ ሳምንቴ ነው። እንቅልፌ ተስተካክሏል፣ ለቅሶውም ቀንሷል፤ ፒያኖ ፊት ስቀመጥ ግን ልቤ አይነካም። በዚህ መሀል ስለ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ስለ ኤሪክ ሳቲ አነበብኩ። 27 ዓመት ሙሉ ማንንም ወደ ክፍሉ ሳያስገባ፣ ነጭ ምግብ ብቻ እየበላ፣ ያለ አንዳች መድኃኒት ኖሮ ያን ሁሉ ሙዚቃ ጽፏል። ድባቴ ነበረበት የሚሉም አሉ። እኔስ መድኃኒቱን ትቼ እንደ እሱ ከሕመሜ ጋር ለመኖር ብሞክር? ሙዚቃው የሚመጣው ከጨለማው ቢሆንስ? እናቴ ደግሞ ጸበል ግቢና መድኃኒቱን ተዪው ትለኛለች።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ፤ መድኃኒቱን አታቋርጪ። ልብሽ አለመነካቱ እውነተኛ ችግር ነው፤ መፍትሔም አለው፤ መፍትሔው ግን ሳቲን መምሰል አይደለም። ሳቲን እኔም እወደዋለሁ። ስለምወደውም ሕይወቱ ተቆራርጦ ለታመመ ሰው እንደ ምክር ሲቀርብ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ከነጩ ምግብ ልጀምር። ሳቲ በ1913 (በዚህ ምላሽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ የሙዚቃ መጽሔት ላይ የቀን ውሎውን ጽፎ አሳትሞ ነበር። በእኛ ሰዓት ሲነገር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ እነሣለሁ፤ ከ4 ሰዓት ከ23 እስከ 5 ሰዓት ከ47 የጥበብ መንፈስ ያድርብኛል፤ 6 ሰዓት ከ11 ላይ ለምሳ ቀርቤ 6 ሰዓት ከ14 ላይ ከማዕድ እነሣለሁ ይላል። ምግቡንም ሲዘረዝር እንቁላል፣ ስኳር፣ የተፈጨ አጥንት፣ የሞቱ እንስሳት ሞራ እያለ ይቀጥላል፤ ሁሉም ነጭ ነው። ይህ ራሳቸውን አግዝፈው የሚያዩ አርቲስቶችን ለመሸንቆጥ የተጻፈ ቀልድ ነው። የዘመናችን አንባቢ ግን ቀልዱን እንደ ሕክምና መዝገብ እያነበበ ለሟቹ በሽታ ይሰይምለታል።

ድባቴ ነበረበት ወይ ላልሽው፣ ፊቴ ተቀምጦ ያላነጋገርኩትን፣ ከሞተም መቶ ዓመት የሞላውን ሰው አልመረምርም። እኛ ድባቴ ብለን ለመወሰን የሚያስፈልገን የታወቀ ነው። ሰውየው ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል ስሜቱ ወድቆ ወይም ቀድሞ ያስደስተው የነበረው ነገር ጣዕም አጥቶበት መቆየት አለበት። ከዚህ ጋር የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ የጉልበት ማለቅ፣ የሰውነት መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፣ ትኩረት ማጣት፣ ራስን ዋጋ ቢስና ጥፋተኛ አድርጎ ማየት፣ ስለ ሞት ማሰብ ይኖራል። ከእነዚህ 9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ተገኝተው፣ የሰውየውን ሥራና ኑሮ ሲያውኩ ነው ሕመሙን በስሙ የምንጠራው። ለሳቲ ይህን በቀን በቀኑ የመዘገበለት ሰው የለም።

ልዩ ጠባይ መያዝ ደግሞ ሕመም አይደለም። ሳቲ በ1895 ትንሽ ውርስ ሲደርሰው አንድ ዓይነት የሆኑ 7 የከፋይ ልብሶች በአንድ ጊዜ ገዝቶ ለዓመታት እነሱኑ ለብሷል። ከዚያ በፊት በ1893 የራሱን ቤተ ክርስቲያን መሥርቶ ብቸኛው አባል ራሱ ነበር፤ በዚያ ስም የማይወዳቸውን ተቺዎች ያወግዝ ነበር። በ20ዎቹ ዕድሜው ለሥነ ጥበብ አካዳሚው የአባልነት ወንበር ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጉልበት ይጠይቃል፤ ፈጠራም፣ ነገሩ ያስቀኛል የሚል ልብም ይጠይቃል። ድባቴ የሚወስደው እነዚህኑ ነው። በሕክምና ክፍሌ የማየው ድባቴ ሰውን ልዩ አያደርገውም፤ ያመሳስለዋል። ነጋዴውም፣ መምህሯም፣ ክራር ተጫዋቹም ሕመሙ ሲጠናባቸው በዚያው ባዘቀዘቀ ድምፅ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይነግሩኛል፤ «ምንም አይሰማኝም፣ ሸክም ሆኛለሁ» ይላሉ። ሲሻላቸው ነው እያንዳንዱ ወደ ራሱ ጠባይ የሚመለሰው።

ይህን ስል ሳቲ ሐዘን አላገኘውም ማለቴ አይደለም። በ1866 ኦንፍለር በምትባል የኖርማንዲ የወደብ ከተማ ተወለደ። እናቱ ስትሞት ገና 6 ዓመቱ ነበር። አባቱ ፓሪስ ቀርቶ ልጁ ወደ አያቶቹ ተላከ፤ በ1878 ደግሞ አያቱ በባሕር ዳርቻ ሰጥማ ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ኮንሰርቫቶር በሚባለው የፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ መምህራኑ ሰነፍ ነው፣ ችሎታ የለውም ብለው መዘገቡለት። በ1893 ሱዛን ቫላዶን ከተባለች ሠዓሊ ጋር ፍቅር ያዘው። ያወቅነውን ያህል በሕይወቱ አንድ የፍቅር ግንኙነት ይህ ብቻ ነው፤ ከጥር እስከ ሰኔ ቆይቶ አበቃ። ከእሷ በኋላ ራስን በባዶነት፣ ልብን በሐዘን ስለሚሞላ ቀዝቃዛ ብቸኝነት ጽፏል።

በዚያው ሰሞን እንደጻፈው የሚገመት «ቬክሳሲዮን» የሚባል ሥራ አለው። ፒያኖ ተጫዋች ነሽና ኖታውን ፈልገሽ እዪው፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። አናቱ ላይ ግን ይህን 840 ጊዜ በተከታታይ ለመጫወት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በጥልቅ ጸጥታ፣ ከቶ ባለመንቀሳቀስ ይዘጋጅ የሚል ማስታወሻ ሰፍሯል። በ1963 የሙዚቃ ደራሲው ጆን ኬጅ ኒው ዮርክ ላይ ተጫዋቾችን እያፈራረቀ ሙሉውን ሲያስደምጥ ከ18 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ሳቲ ምን አስቦ እንደጻፈው አልነገረንም። እኔ ግን ስሰማው ድባቴ የያዘው ሰው ሐሳብ ትዝ ይለኛል። ያው አንድ ነገር፣ «ምነው ባላደረግሁት፣ ምነው እንዲህ ባልኩ» ይመጣል፤ ይሄዳል፤ ሳይለወጥ ይመለሳል። ማብሰልሰል የምንለው ይህ ነው፤ ሰው እያሰበ መፍትሔ የሚፈልግ ይመስለዋል እንጂ ከቦታው አይንቀሳቀስም። አንቺም ፒያኖው ፊት ተቀምጠሽ «ለምን አልተነካሁም» እያልሽ ራስሽን የምትጠይቂ ከሆነ ይኸው ነገር ይዞሻል፤ ለሐኪምሽ ልትነግሪው የሚገባ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ሙዚቃው ከጨለማው ቢሆንስ ብለሻል። የሥራዎቹን ዓመታት ተከታትለሽ እዪ። ሁሉም የሚያውቃቸው «ጂምኖፔዲ» የተባሉት ሦስት የፒያኖ ድርሰቶች የተጻፉት በ1888 ነው፤ 22 ዓመት እንኳ ያልሞላው ወጣት ነበር፤ የቫላዶን ሐዘን ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል። በዚያ ጊዜ በፓሪሱ የሞንማርትር ሠፈር «ጥቁር ድመት» የተባለው ካባሬ (የምሽት መዝናኛ ቤት) ደንበኛ ነበር፤ በወዳጅና በወሬ ተከብቦ ነበር የሚኖረው። በ1898 ከፓሪስ በስተደቡብ ወዳለችው አርከይ ወደምትባል የሠራተኞች መንደር ሄዶ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ አንቺ ያነበብሽው 27 ዓመት የሚጀምረው ከዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በካባሬ ፒያኖ እየመታና ለዘፋኞች ዜማ እያበጀ የዕለት ጉርሱን ነበር የሚፈልገው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ግን ከክፍሉ ውስጥ አልመጣም። በ1905፣ በ39 ዓመቱ፣ ተማሪ ሆኖ ስኮላ ካንቶረም በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመዘገበ። ወዳጁ የሙዚቃ ደራሲው ደቡሲ በዚህ ዕድሜህ ይቅርብህ ብሎት ነበር። አልሰማውም፤ ከእሱ በብዙ ከሚያንሱ ወጣቶች ጋር ተቀምጦ በ1908 የኮንትራፑንት (ዜማን ከዜማ የማጣመር ጥበብ) ዲፕሎማውን ያዘ። በ1911 የሙዚቃ ደራሲው ራቬል የቀድሞ ሥራዎቹን በአደባባይ ተጫወተለት፤ ወጣት ሙዚቀኞች ይፈልጉት ጀመር፤ አሳታሚዎችም ጠየቁት። ከ1912 እስከ 1915 ባሉት ዓመታት የፒያኖ ሥራዎቹ እንደ ጎርፍ መጡ። በ1917 ከገጣሚው ከኮክቶና ከሠዓሊው ከፒካሶ ጋር «ፓራድ» የተባለውን የባሌ ዳንስ ሥራ ሠራ። ከዚያም እኔ ከሁሉ የማስበልጠውን «ሶክራት» የተባለውን ድርሰት በአንዲት ልዕልት ትእዛዝ ጻፈ። ጓደኛ፣ ትምህርት፣ የሚጠብቀው ሥራ ሲያገኝ ጻፈ፤ ብቻውን ሲቀር ብዕሩ ቀነሰ። እኔ ከዓመታቱ የማነበው ይህን ነው።

ጨለማውን ራሱ እንዴት እንዳየው ደግሞ ቃሉ አለ። በነሐሴ 1918፣ በ52 ዓመቱ፣ ለወዳጁ ለሠዓሊዋ ቫለንቲን ግሮስ በጻፈው ደብዳቤ በጣም እየተሠቃየሁ ነው፣ የተረገምኩ ይመስለኛል፣ ይህ የለማኝ ኑሮ አስጠልቶኛል፣ ትንሽም ብትሆን ሥራ ፈልጊልኝ አለ። ጥበብንም በዚያው ደብዳቤ ሰድቧታል። ሥቃዩ ሙዚቃ እንደሚሰጠው አልጻፈም። እርዳታ ነው የጠየቀው።

ሙዚቃ ወዳድ ከሆንሽ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ስም ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ የውጭ አድማጮች ፒያኗቸውን ደጋግመው ከሳቲ ጋር ያነጻጽሩታልና። እሳቸውም በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው የመማር ዕድላቸው ሲከለከል ምግብ እስከ መተው ደርሰው በሞት አፋፍ ላይ እንደነበሩ ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚያ በግሸን ማርያም በባዶ እግራቸው ለዓመታት መንነው ኖሩ። ዛሬ የምንሰማው የመጀመሪያ ሸክላቸው ግን የወጣው ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ በ1967 ነው፤ ገቢውንም ለተቸገሩ አዋሉት። ሐዘኑ በሙዚቃቸው ውስጥ እንዳለ ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ሐዘንን ኖታ ላይ ማስቀመጥ የሚቻለው ግን እጅን አንሥቶ ቁልፉ ላይ ማኖር ሲቻል ነው፤ ከባድ ድባቴ ደግሞ እጅን ይይዛል።

ሳቲን አቁሞ ያቆየውን ነገር ከፈለግሽ እግሩን ተከተዪ። ከአርከይ እስከ መሀል ፓሪስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ አብዛኛውን ቀን በእግሩ ይሄደው ነበር፤ በየካፌው እየቆመ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ሌሊት ብዙ ጊዜ በእግሩ ይመለሳል። የሙዚቃው ምት ከርምጃው ምት የመጣ ነው የሚሉ አሉ። በአርከይ ደግሞ ለሠፈሩ ልጆች ሙዚቃ በነፃ ያስተምር፣ ለሽርሽር ይዟቸው ይወጣ ነበር፤ በ1909 መንግሥት ለዚህ አገልግሎቱ ሜዳልያ ሰጥቶታል። አንቺም ልጆች ታስተምሪያለሽ። ያን ሥራ ከሕመምሽ መሀል የቀረሽ ተራ እንጀራ አድርገሽ አትዪው፤ በቋሚ ሰዓት ከቤት የሚያወጣሽ፣ የሚጠብቅሽ ልጅ ያለበት ነገር ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆም ሕክምና ነው። በሙያችን ስሜቱ እስኪመጣ አንጠብቅም፤ ድርጊቱን እናስቀድማለን፤ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ይህ አሠራር በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው።

የጣለውን ደግሞ ልንገርሽ፤ ይህን የምጽፈው እያዘንኩ ነው። ሳቲ ይጠጣ ነበር፤ በየቀኑ፣ ለብዙ ዓመታት፣ ያለ ልክ። አልኮል ለአንድ ምሽት ጭንቀትን ያበርዳል፤ በማግሥቱ ግን ስሜትን ይጥላል፣ እንቅልፍን ይሰብራል፣ መድኃኒትም እንዳይሠራ ያደርጋል። ጁላይ 1 ቀን 1925 በፓሪሱ የቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒታል በጉበት ሕመም ሲሞት 59 ዓመቱ ነበር። «ያለ መድኃኒት ኖረ» ስትዪ ይህን አብረሽ ቁጠሪው፤ በመድኃኒት ፈንታ የያዘው ነገር ነበረ፤ እሱው ገደለው። አንቺም አመሻሽ ላይ ልብሽን ለማብረድ የምትቀምሺው ነገር ካለ ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪው፤ እኛ ለመገሠጽ አንጠይቅም።

ክፍሉን በተመለከተ፣ ማንንም አላስገባም የሚለው እውነት ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ታሞ ፓሪስ ሆቴል ሲያርፍ የጎበኙት ወዳጆቹ፣ ኮቱንና ቆቡን ሳያወልቅ በወንበር ላይ ተቀምጦ መስተዋት ውስጥ ራሱን ሲያይ ያገኙት ነበር፤ ሳይነሣ በሩን የሚከፍትበትን ገመድም አበጅቶ ነበር። ሲሞት ወንድሙ ኮንራድና ወዳጆቹ፣ ከእነሱም አንዱ ሙዚቀኛው ሚዮ፣ የአርከዩን ክፍል ከፈቱ። አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ ሁለት ፒያኖዎች፣ ክምር ጃንጥላ፣ ያልተለበሱ የከፋይ ልብሶች፣ ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች፣ አቧራና ቆሻሻ አገኙ። ከፒያኖው ጀርባ ደግሞ ሳቲ በ1899 ጽፎ በመንገድ ላይ ጠፋብኝ ሲል የኖረው የአንድ ድርሰት ኖታ ወጣ። ወዳጆቹ ያፈቅሩት ነበር፤ በዚያ ሁኔታ መኖሩን ግን አንዳቸውም አያውቁም ነበር። ሰውየው ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣ እየቀለደ በመካከላቸው ይገኝ ነበርና።

ይህ ነገር እንግዳ አይሆንብኝም። ሰው ሥራ ቦታ እየሳቀ ውሎ፣ ቤቱ ሲገባ ሳህን ማጠብ የሚያቅተው ስንቱ ነው! ቤቴ ተዝረክርኳልና ማንም አይምጣብኝ ይላል፤ ማንም ስለማይመጣ ቤቱ ይብስ ይዝረከረካል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤትሽ እንዳለ ሆኖ፣ ሳትጠራርጊው፣ አንድ የምታምኚውን ሰው አስገቢ። እህትሽም ትሁን ጎረቤትሽ፤ ቡና አፍልተሽ ባትጠብቂያትም ግድ የለም። ይህን ከብዙ ምክር በላይ ሲሠራ አይቻለሁ።

ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። ሰርትራሊን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መረበሽ ሊያመጣ ይችላል፤ ጥቅሙ መታየት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሳምንት በኋላ ነው፤ በወጉ ለመመዘን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። አንቺ መሀሉ ላይ ነሽ። እንቅልፍና ለቅሶ ቀድመው ይስተካከላሉ፤ ደስታን የማጣጣም ችሎታ ብዙ ጊዜ ከሁሉ በኋላ የሚመለስ ነው። ስለዚህ አለመነካትሽ ሕመሙ ገና ያልለቀቀው ክፍል ሊሆን ይችላል።

ሌላም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ስሜትን ያደነዝዛሉ፤ ሐዘኑም ደስታውም በአንድነት ይደበዝዛል። ይህ የታወቀ ጉዳይ ነው፤ ታካሚ ሲነግረን «አንተ ነህ ያመጣኸው» ብለን የምናልፈው መሆን የለበትም። ሁለቱን ለመለየት የምጠይቅሽ ይህ ነው፦ ሙዚቃ መንካት ያቆመው ክኒኑን ከመጀመርሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሐዘንሽም አብሮ ደንዝዟል ወይስ ሐዘኑ እንዳለ ደስታው ብቻ ነው የጠፋው? መጠኑ በጨመረ ቁጥር ባሰብሽ? ከክኒኑ በፊት የጀመረ ከሆነ፣ ሐዘኑም ከቀጠለ፣ ሕመሙ ነው፤ መጠን መጨመር ወይም የሥነ ልቦና የንግግር ሕክምና ማከል ሊያስፈልግ ይችላል። ከክኒኑ በኋላ መጥቶ ሁሉንም ካደበዘዘው ደግሞ ሐኪምሽ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ዓይነቱን ሊቀይር ይችላል። በሁለቱም መንገድ ሙዚቃሽን ይዘሽ የምትድኚበት ዕድል ሰፊ ነው። ጣቶችሽ ላይ ስስ መንቀጥቀጥ ካስተዋልሽም ተናገሪ፤ ለሌላ ሰው ኢምንት የሆነ ነገር ለፒያኖ ተጫዋች ትልቅ ነው፤ ሐኪምሽ ካልጠየቀሽ ላያውቀው ይችላል።

በድንገት ማቋረጥ ግን ራስን መጉዳት ነው። ማዞር፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ስሜት በጭንቅላት ውስጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጣ ሊከተል ይችላል፤ ሕመሙም ተመልሶ የመነሣት ዕድሉ ይሰፋል። ከዳንሽ በኋላም ቢሆን ቢያንስ ለ6 ወር መቀጠል አለበት፤ እንደ አንቺ ሁለተኛ ዙር ለገጠመው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እስከ 2 ዓመት እንዲቀጥል እንመክራለን። ሲቆምም ቀስ በቀስ ተቀንሶ ነው። ከዚህ ሌላ የታይሮይድ ሆርሞንና የደም ማነስ ምርመራ ካልተደረገልሽ ጠይቂ፤ ሁለቱም ድባቴን መስለው ይመጣሉ። እንዲሁም ከዚህ በፊት ለቀናት እንቅልፍ ሳያስፈልግሽ በኃይል የተሞላሽበት፣ ሐሳብሽ የሚጋልብበት፣ ገንዘብ ያለ ልክ የበተንሽበት ጊዜ ካለ አትደብቂ። ብዙ አርቲስቶች ያን ጊዜ የፈጠራ ጊዜዬ ነበር እያሉ ሳይነግሩን ይቀራሉ፤ ነገሩ ግን ሕክምናውን ከሥሩ የሚለውጥ ነው።

ስለ ሞት ማሰብ መጥቶብሽ እንደሆነ በደብዳቤሽ አልጻፍሽም፤ ስላልጻፍሽ አልመጣም ብዬ አላልፈውም። «ባልኖርኩ ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ በዚያው ዕለት ለአንድ ሰው በአፍሽ ንገሪ፣ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ለእናትሽ ወይም ለእህትሽ አስረክቢ፣ ብቻሽን አትደሪ። ራስሽን ለመጉዳት ወደ ማቀድ ካለፈ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደሚቀርብሽ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ሌሊትም ቢሆን።

እናትሽን አትጣያት። ጸበሉን የምትለምንሽ ስለምትወድሽ ነው፤ እኔም ጸበል አትሂጂ አልልም። የምቃወመው ጸበሉ መድኃኒቱን ያስጥል የሚለውን ብቻ ነው። ሰርትራሊን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ነው፤ ጠዋት ጸበል የምትጠጪ ከሆነ ማታ ከምግብ በኋላ ልትወስጂው ትችያለሽ፤ ጾምንም ጸበልንም አያውክም። ይህን እኔ ከምነግርሽ ሐኪምሽ ለእናትሽ ቢነግራት ይሻላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሻት ግቢ። ብዙ እናቶች መድኃኒቱን የሚፈሩት ሱስ ያስይዛል ብለው ነው፤ እንደማያስይዝና የሚቆምበት ጊዜ እንዳለው ሲረዱ ራሳቸው ክኒኑን አስታዋሽ ይሆናሉ።

እስከዚያ ፒያኖውን እንዲህ አድርጊ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ተማሪዎችሽ ከመምጣታቸው በፊት፣ ለ10 ደቂቃ ብቻ ተቀመጪ። መነካትን ግብ አታድርጊ፤ ከ10 ደቂቃ በላይም አትቆዪ። ከሳቲ ከፈለግሽ ሦስተኛውን «ግኖሲየን» ውሰጂ፤ ለጣት አይከብድም፤ የመለኪያ መስመርም የለውም። እንደ ሌሎቹ ደራሲዎች ጮክ በል፣ ዝቅ በል ከማለት ይልቅ ኖታው ላይ «ለአንድ አፍታ ብቻህን»፣ «እጅግ ጠፍተህ»፣ «ይህን ወደ ሩቅ ውሰደው»፣ «ጭንቅላትህን ክፈት»፣ «ድምፁን ቅበረው» እያለ ጽፏል። አንዱን ትእዛዝ ብቻ መርጠሽ በዚያ ቀን እሱን ሞክሪ። ስትጨርሺ ደብተር ላይ ቀኑንና ከ0 እስከ 10 ምን ያህል እንደተሰማሽ ጻፊ። 0 ከሆነ 0 ብለሽ ጻፊ። የሦስት ሳምንት ቁጥር ይዘሽ ስትገቢ ሐኪምሽ መጠኑን ለመወሰን ከማንኛውም ገለጻ የተሻለ ነገር በእጁ ይኖረዋል።

ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስቀድመሽ ግዢ፤ መድኃኒት ቤት ዛሬ የለም ሊልሽ ይችላልና፣ ባላሰብሽው መንገድ እንዳይቋረጥብሽ። ከቀጠሮሽ በኋላ ደግሞ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ሐኪምሽ ምን እንዳለሽና ደብተርሽ ላይ ቁጥሩ ወዴት እንደሄደ ማወቅ እፈልጋለሁ።